ለእናትዎ እጅ የሚሆን ሪሞት፦ ከአሽዶድ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ወደ ነገሬ ከመግባቴ በፊት የሳሎንዎን ጠረጴዛ አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት አለ፤ የሪሲቨሩ አለ፤ የመዝጋኑ፣ ማለትም የአየር ማቀዝቀዣው፣ አለ። ዕቃው ከተጣለ ዓመታት ያለፉት፣ እሱ ግን «አንድ ቀን ይፈለግ ይሆናል» ተብሎ የቀረ አራተኛም አይጠፋም። አይፈሩ፣ እንዲጥሉት ልነግርዎ አይደለም። እንዲያውም ለእሱ ሥራ አግኝቼለታለሁ።

ላወራዎ የፈለግሁት ስለ ሪሲቨሩ ሪሞት ነው፤ እርስዎ ሥራ ሲውሉ እናትዎ ወይም አባትዎ ብቻቸውን ስለሚይዙት። የምለውም ይህ ነው፦ ሪሲቨርዎ በሊኑክስ የሚሠራ ከሆነ፣ ከካርቶኑ አብሮት በወጣው ሪሞት ታስረው መኖር የለብዎትም። ለእናትዎ ጣትና ዐይን የሚስማማውን ሪሞት መጀመሪያ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ሪሲቨሩን ለዚያ ሪሞት እንዲታዘዝ ያደርጉታል። እስከ ዛሬ ያደረግነው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሪሞቱን እንዳለ ተቀብለን እናታችንን ለማሠልጠን ስንደክም ኖረናል።

«እኔ ቤት ሊኑክስ የሚባል ነገር የለም» ይሉኝ ይሆናል። ላይኖር ይችላል፤ ግን ሳያውቁት አብረውት እየኖሩም ይሆናል። የጀርመኑ ድሪምቦክስ ገና ሲጀመር በሊኑክስ ነው የተሠራው፤ የኮሪያው ቩ ፕላስም እንደዚሁ። ሁለቱም ላይ የሚያዩት ኤኒግማ 2 የተባለው ገጽ ሊኑክስ ላይ የቆመ ነው። መዳፍ በምታህል ራስበሪ ፓይ ላይ ሊብሬኤሌክን ጭነው፣ ኮዲ በተባለው ፕሮግራም ቴሌቪዥን የሚያዩም አሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ መቀበያ ከአንቴና ጋር ሲጨምሩባት፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚሰራጨውን የእስራኤል የቴሌቪዥን ስርጭት፣ ኢዳን ፕላስን ታሳያለች፤ ጣቢያ 11፣ 12 እና 13 እዚያ ላይ አሉ። ከኬብል ወይም ከሳተላይት ድርጅት የተከራዩት ሪሲቨር ከሆነ ግን ውስጡን አይንኩት፤ ንብረቱ የድርጅቱ ነው፣ ተቆልፎም ነው የሚመጣው። ለእሱም ቢሆን አንድ መንገድ አለኝ፤ ትንሽ ይታገሡኝ።

ቀጥሎ የሚሉኝን አውቀዋለሁ። «እናቴ እኮ ለምዳዋለች።» በፍቅር ልጠይቅዎ፦ ለምደውታል ወይስ ትተውታል? ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጣቢያ ላይ ተተክሎ ሲውል፣ ጣቢያውን ስለወደዱት ይመስለናል። እስቲ አንድ ቀን ምንም ሳይናገሩ አጠገባቸው ቁጭ ብለው ጣታቸውን ይመልከቱ። ወደ 11 ለመሄድ 1ን ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን ያስፈልጋል። ሁለተኛው መጫን ከዘገየ ሪሲቨሩ አይጠብቅም፤ «1» ብሎ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ማያው ይጠቁራል። ድምፅ ሲጨምሩ ደግሞ መጫናቸውን እርግጠኛ ለመሆን ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያቆዩታል፤ ድምፁ ሽቅብ ይወጣል። ደንግጠው ሲቀንሱ ጭራሹን ይጠፋል። በዚህ መሃል አውራ ጣታቸው ሳያውቁት ሜኑ የሚለውን ይነካል፤ ማያው ማንበብ በማይችሉት ጽሑፍ ይሞላል። ሪሞቱ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥና «አንተ ልጅ፣ ና እስቲ!» ይባላል።

ልጁ ይመጣል፤ በዕብራይስጥ የሆነ ነገር ብሎ፣ ሁለት ቁልፍ ነክቶ ይሄዳል። እሳቸው እኮ ከጎንደር ገጠር ተነስተው በእግራቸው ሱዳን የዘለቁ፣ ልጆች ይዘው ድንበር የተሻገሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ዜና ለማየት የልጅ ልጃቸውን መምጣት ይጠብቃሉ። ልጁ አላጠፋም፤ እሳቸውም አላጠፉም። ሪሞቱ ግን ፊደሉን ለሚያነብ፣ ጣቱ ለሚፈጥን ለሌላ ሰው ታስቦ የተሠራ ነው።

እዚህ አሽዶድ ደግሞ ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ሮኬት ከጋዛ ሲተኮስ ሲረኑ ከጮኸ በኋላ ማማድ (የቤቱ መጠለያ ክፍል) ለመግባት 45 ሰከንድ እንዳለን ስንነገር ኖረናል። ከማማድ ሲወጡ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ዜና ነው። ብቻቸውን ያሉ እናት በዚያ ሰዓት አንድ ቁልፍ ተጭነው 11 ላይ፣ ወይም በሚሰሙት ቋንቋ ወደሚያወራቸው የሬካ ሬዲዮ የአማርኛ ፕሮግራም መድረስ ሲችሉና፣ ማያው ጠቁሮባቸው ስልክ ሲጠብቁ ያለው ልዩነት ቀላል ነው ብለው እንዳይነግሩኝ።

«ይገባኛል፤ ግን ዩኒቨርሳል ሪሞት ገዝቼ ነበር፣ አልሠራም።» አምንዎታለሁ። ለምን እንዳልሠራ ማወቅ ግን የጉዳዩ ግማሽ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሪሞት ጫፉ ላይ ዐይናችን የማያየውን፣ ብዙውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነውን የኢንፍራሬድ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ አምፖል አለችው። ሪሞቱ ይህን ብርሃን በሰከንድ 38 ሺህ ጊዜ ያህል ያርገበግበዋል፤ መልእክቱ ያለው በብልጭታውና በዝምታው ርዝመት ውስጥ ነው። በብዛት የሚገኘው ኤንኢሲ የተባለው ሥርዓት 9 ሚሊሰከንድ በሚቆይ ብልጭታና 4.5 ሚሊሰከንድ በሚቆይ ዝምታ ይጀምራል። ከዚያ የመሣሪያውን አድራሻ፣ ቀጥሎ የተጫኑትን ቁልፍ ቁጥር ይልካል፤ ስሕተት እንዳይገባም እያንዳንዱን ከተገላቢጦሹ ጋር ደግሞ ይልከዋል። የፊሊፕሱ አርሲ-5 በ36 ሺህ፣ የሶኒው በ40 ሺህ ይርገበገባሉ፤ አጻጻፋቸውም የየራሳቸው ነው። ከሱቅ የገዙት ዩኒቨርሳል ሪሞት ውስጥ የስመ ጥር ቴሌቪዥኖች ኮድ ተሞልቷል፤ የእርስዎ ሪሲቨር ግን ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም ይሆናል። ሪሞቱ ደህና ነው፣ ሪሲቨሩም ደህና ነው፣ አልተግባቡም ብቻ።

ለማግባባት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሪሞቱን ማስተማር ነው። «ኮድ የሚማር» ተብሎ የሚሸጥ ሪሞት ይግዙ፤ አሮጌውንና አዲሱን አፍ ለአፍ ያጋጥሟቸው፤ አሮጌው ላይ ድምፅ መጨመሪያውን ሲጫኑ አዲሱ ብልጭታውን ይቀዳና ለመረጡለት ቁልፍ ይይዘዋል። ቅድም ቃል የገባሁልዎ ይህ ነው፤ ሪሲቨሩ የኪራይም ቢሆን ይሠራል፣ ምክንያቱም ሪሲቨሩን ማንም አልነካውም። ለድሪምቦክስና ለመሰሎቹም እንዲህ ቢያደርጉ ይሻላል፤ ብዙዎቹ ላይ ኮዱን የምትፈታው የፊት ሰሌዳው ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ስለሆነች፣ የማታውቀውን ሪሞት ወደ ሊኑክሱ ሳታደርስ ታስቀረዋለች።

ሁለተኛው ሪሲቨሩን ማስተማር ነው፤ እኔን የሚያስደስተኝም እሱ ነው። ሊኑክስ የሚሰማውን ማንኛውንም የታወቀ ሥርዓት ተቀብሎ «ይህች ቁጥር ምን ትሁን?» ብሎ ለእርስዎ ይተዋል። ስለዚህ ያ ሥራ ፈት አራተኛ ሪሞት፣ ቁልፎቹ ትልልቅ ከሆኑ፣ ነገ የእናትዎ ሪሞት ሊሆን ይችላል።

«እሱ የባለሙያ ሥራ ነው» ብለው ሊሸሹኝ ነው። ቆይ፣ አይሂዱ! ድሮ ድካም ነበረው፣ አልክድም። ራልፍ ሜትዝለርና ክሪስቶፍ ባርተልሙስ የሠሩት ሊርክ የተባለው ፕሮግራም ለብቻው መጫንና መስተካከል ነበረበት። በ2010 ከወጣው 2.6.36 ከተባለው ቅጂ ወዲህ ግን ኢንፍራሬድ ማዳመጥ የሊኑክስ የራሱ የውስጥ ሥራ ሆኗል፤ ከመቶ በላይ የሪሞት ሠንጠረዦችም ተዘጋጅተው አብረውት ይመጣሉ። ለእርስዎ የሚቀርልዎ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

በራስበሪ ፓይ ላይ እንዴት እንደሚሆን ላሳይዎ። ቲሶፕ 38238 የምትባል፣ ጥቁር፣ የጥፍር ያህል፣ ሦስት እግር ያላት መቀበያ ትገዛለች፤ ዋጋዋ ርካሽ ነው። ጉብ ያለውን ፊቷን ወደ እርስዎ አዙረው ሲይዟት የግራ እግሯ ምልክት ማውጫ፣ የመሃሉ መሬት፣ የቀኙ ኤሌክትሪክ መቀበያ ነው። ምልክቷን ሰሌዳው ላይ 12ኛው እግር ላይ (በውስጥ ስሙ 18 የሚባለው ነው)፣ መሬቷን 6ኛው ላይ፣ ኤሌክትሪኳን 1ኛው ላይ ያገናኙ። 1ኛው 3.3 ቮልት ነው የሚሰጠው። አጠገቡ ወዳለው 5 ቮልት እንዳይሳሳቱ አደራ፤ የራስበሪ ፓይ እግሮች 5 ቮልት አይችሉም። ሌላ ዓይነት መቀበያ ከገዙ የእግሮቹ ቅደም ተከተል ስለሚለያይ ወረቀቱን ይዩ። ከዚያ ኮንፊግ በተባለው ፋይል ውስጥ መቀበያዋን የምታነቃዋን አንድ መስመር ከሊብሬኤሌክ መመሪያ ገልብጠው ያስገቡና መልሰው ያስነሱት።

አሁን ኮዲን ለጊዜው ያቁሙና አይአር ኪይቴብል የተባለችውን ትእዛዝ በማዳመጫ ሁኔታ ያስነሷት። የሚያዳምጡትን ሥርዓቶች ሁሉ ይክፈቱላትና ሪሞቱን ይጫኑ። እያንዳንዱን ቁልፍ በተጫኑ ቁጥር ማያው ላይ አንድ ቁጥር ይወጣል። ድምፅ መጨመሪያው የትኛውን፣ ቀዩ የትኛውን እንደሚሰጥ ወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ ተራ የጽሑፍ ፋይል ከፍተው በእያንዳንዱ መስመር ቁጥሩንና የሥራውን ስም ያስቀምጣሉ። ሊብሬኤሌክ ለዚህ ፋይል የተዘጋጀ አቃፊ አለው፤ የፋይሉን ስም በሚያስታውቀው ሁለተኛ ፋይል ውስጥ ሲጠሩት ነገሩ ተፈጸመ። ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው የመዝጋን መመሪያ ማንበብ አያቅተውም፤ የመዝጋን መመሪያ ያነበበ ደግሞ ይህም አያቅተውም።

ደብዳቤውን የጻፍኩበት ዋናው ነገር ገና አሁን ነው የሚመጣው። ሠንጠረዡ በእጅዎ ሲሆን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት። ሠንጠረዡ ውስጥ ያላስገቡት ቁልፍ ቢነካ ምንም አይሆንም። አርባ ቁልፍ ካለው ሪሞት ላይ ዘጠኝ ብቻ ይጻፉ፦ ማብሪያ፣ ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ፣ ወደ ላይና ወደ ታች፣ አራቱ ባለ ቀለም ቁልፎች። ሜኑን ይተዉት። እናትዎ አውራ ጣታቸውን እንደፈለጉ ያሳርፉ፤ ማያው በሜኑ አይሞላባቸውም። ባለ ቀለሞቹን ደግሞ በኮዲ የቁልፍ ፋይል ቀጥታ ከጣቢያ ጋር ያያይዟቸው፤ ቀዩ 11፣ አረንጓዴው 12፣ ቢጫው 13፣ ሰማያዊው የሬካ የኢንተርኔት ስርጭት ይሁን። ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ መጫን የሚባል ጣጣ የለም፤ የላቲንም የዕብራይስጥም ፊደል ማንበብ አያስፈልግም። ከእያንዳንዱ ቁልፍ አጠገብ በአማርኛ «ዜና»፣ «ሬዲዮ» ብለው በነጭ ወረቀት ጽፈው ቢለጥፉ ደግሞ ተጠናቀቀ።

ድምፁ ሽቅብ የሚወጣበትም ነገር መድኃኒት አለው። ኤንኢሲ ቁልፍ ተይዞ እስካለ ድረስ በየ108 ሚሊሰከንዱ «አልለቀቅኩም» የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ሊኑክስ ቁልፉ ለግማሽ ሰከንድ ያህል ሳይለቀቅ ከቆየ መደጋገም ይጀምራል። ጣቱ ፈጣን ለሆነ ሰው ግማሽ ሰከንድ ብዙ ነው፤ የሰባ ዓመት ሰው ግን ገና ጣቱን እያነሣ ነው። ይህች ያው አይአር ኪይቴብል የመጠበቂያውንም የመደጋገሚያውንም ጊዜ ትቀይርልዎታለች። መጠበቂያውን ወደ አንድ ሰከንድ ይውሰዱት፤ በአንድ መጫን ድምፁ አንድ ደረጃ ብቻ ይጨምራል። እናትዎ ያዳበሩት የመጫን ልማድ ትክክል ሆኖ ይገኛል፤ እሳቸውን «እንዲህ አይደለም፣ ነካ አድርገሽ ልቀቂ» ማለት ይቀራል። (አንቺ እያሉ የሚጠሯቸው ከሆነ ማለቴ ነው።)

«ታዲያ ሪሞቱን ከየት ልምረጥ?» ቁልፉ ትልቅ፣ ሲጫኑት ለጣት የሚታወቅ፣ ቀለሙ ከጀርባው የሚለይ ይሁን። የቤቱ ቴሌቪዥን የሚሰማውን ሪሞት ግን አይምረጡ፤ ድምፅ ሲጨምሩ ሁለቱም ይታዘዛሉ። የመዝጋኑንም ይተዉት፤ ያ ሪሞት በአንድ መጫን ሙቀቱን፣ ነፋሱን፣ ሁሉን ባንድ ላይ ጠቅልሎ ነው የሚልከው፣ ለዚህ ሥራ አይመችም። አንድ ሰው «የቴሌቪዥኑ ሪሞት ብቻውን ሁሉንም ቢያዝስ?» ቢለኝ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ይቻላል። ኤችዲኤምአይ ገመዱ ራሱ ሲኢሲ በሚባል ሥርዓት ትእዛዝ ያስተላልፋል፤ ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ራስበሪ ፓይ ይሰማዋል። ምንም ሳይገዙ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ውስጥ ሊያበሩት ይችላሉና መጀመሪያ ይሞክሩት። የቴሌቪዥኑ ሪሞት ላይ ያሉትን የማይፈለጉ ቁልፎች ግን ማሰናከል አይችሉም፤ ለዚያ ነው ለሽማግሌ ሰው ሌላው መንገድ የሚሻለው። ሲኢሲን ለመዝጊያ ይያዙት፦ ሪሲቨሩ ሲተኛ ቴሌቪዥኑም አብሮ ይተኛል። አርብ ማታ ሻማ ሳይበራ አንድ ቁልፍ ተጭነው ሁሉን ዘግተው ወደ ሰንበታቸው ይገባሉ።

ስልክ አለ የሚሉኝም አይጠፉም። ስልክ መክፈቻ አለው፣ ዋይፋይ ይፈልጋል፣ ማያው ለደረቀ ጣት አይታዘዝም፤ በዚህ ላይ ብዙ አልቆይም።

«አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ እምቢ ይላል» ላሉኝ ግን የአሽዶድን ፀሐይ ያስታውሱልኝ። ሳሎንዎ ወደ ባሕሩ የሚያይ ከሆነ፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በበረንዳው በኩል በቀጥታ ትገባለች። የፀሐይ ብርሃን ውስጥ ኢንፍራሬድ ሞልቷል፤ መቀበያዋ ላይ ሲያርፍባት ደካማውን የሪሞት ብልጭታ መለየት ይቸግራታል። ከርቀት የማይሠራው ከቅርብ ከሠራ፣ ማታ ሠርቶ ቀን ካስቸገረ፣ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ፤ መቀበያዋን ጥላ ውስጥ ያድርጓት። ሪሞቱን ለመጠርጠር ከፈለጉ ደግሞ የስልክዎን የፊት ካሜራ ከፍተው ጫፉን እያሳዩት ይጫኑ፤ ሐምራዊ ብልጭታ ካዩ ሪሞቱ ይልካል። ካላዩ የባትሪ ድንጋዩን ይቀይሩ። አዲስ ድንጋይም ካልሠራ ድንጋዩ የሚነካውን የሽቦ ጫፍ ይመልከቱ፤ የባሕሩ እርጥበትና ጨው ብረቱን አረንጓዴ ያደርገዋል፣ በኮምጣጤ በተነከረ ጥጥ ጠርገው በደንብ ያድርቁት።

የመጨረሻው ጥያቄዎ «ከተበላሸ ማን ይሠራልኛል?» የሚል ይመስለኛል። ያችን የጽሑፍ ፋይል ዛሬውኑ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ ሌላው ሁሉ ቢጠፋ እሷን መልሶ ማስገባት የደቂቃዎች ሥራ ነው። የሚስማማዎትን ዓይነት ሪሞት ሲያገኙ ሁለት ይግዙ። አንዱን መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡ፤ ሁለቱ ያንኑ ኮድ ስለሚልኩ ተለዋዋጭ ናቸው። ኪርያት ጋት ወይም ኔታንያ ያለችው እኅትዎ ለአባታችሁ ይህንኑ ልታደርግ ከፈለገች ደግሞ ከርስዎ ጋር አንድ ዓይነት ሪሞት ትግዛና ፋይሉን ይላኩላት፤ ቁጥር መልቀም አይጠበቅባትም። አባታችሁ እሷ ጋ ሰንብተው እርስዎ ጋ ሲመጡም ቀዩ ያው ዜና ነው።

አክባሪዎ፣
ከአሽዶድ